በጋራ ሁኔታ የሚሠሩ የኳንተም መገናኛ ፕሮቶኮሎችን ቅልጥፍና እንዴት መለካት ይቻላል፤ ከወረቀት ሒሳብ እስከ ፎቶን ቆጠራ

«የዚህ ፕሮቶኮል ቅልጥፍና 25 በመቶ ነው» የሚል ቁጥር ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በምን ተካፍሎ?» ነው። አንዱ የሚያካፍለው በኪዩቢት (የኳንተም መረጃ አሃድ) ብዛት ብቻ ነው፤ ሌላው ክላሲካል ቢቶቹን ይጨምራል፤ ሦስተኛው የከሸፉትን ሙከራዎች ሁሉ ታህቱ ውስጥ ያስገባል። ሦስቱም ለየራሳቸው ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ምንም አይናገሩም።

ስለዚህ እዚህ ሦስት ቁጥሮችን ለየብቻ እንለካለን። አንደኛው ፕሮቶኮሉ በወረቀት ላይ የሚጠይቀው ሒሳብ ነው። ሁለተኛው የጋራው ሁኔታ ጥራት ነው። ሦስተኛው መስመሩ በተግባር በሰከንድ የሚያስረክበው ምርት ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ አንድ መቶኛ ማውጣት በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት። በላኪና በተቀባይ መካከል አስቀድሞ የተከፋፈለ፣ የአንዱ ወገን ክፍል ከሌላው ተነጥሎ ሙሉ በሙሉ ሊገለጽ የማይችል የኪዩቢት ጥንድ ወይም ስብስብ «የጋራ ሁኔታ» ይባላል። የሚያስተሳስራቸው ባሕርይ «ቁርኝት» ነው። «ታማኝነት» የተገኘው ሁኔታ ከታሰበው ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ከ0 እስከ 1 የሚያሳይ ቁጥር ነው። በምሳሌዎቹ ሁሉ የምንፈልገው ጥንድ (|00⟩ + |11⟩)/√2 ነው፤ ከአራቱ የቤል ሁኔታዎች አንዱ።

ደረጃ 1፦ የወረቀት ሒሳቡን ይጻፉ

ለቴሌፖርቴሽን (የኪዩቢትን ሁኔታ፣ ኪዩቢቱን ራሱን ሳይልኩ፣ በቁርኝትና በክላሲካል መልእክት ሌላ ቦታ ማድረስ) እና ለዘመዶቹ በብዛት የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

ቅልጥፍና = የተላለፉ ኪዩቢቶች ÷ (የጋራ ሁኔታው ኪዩቢቶች + የተላኩ ክላሲካል ቢቶች)

በ1993 የቀረበው መደበኛ ቴሌፖርቴሽን አንድ ኪዩቢት ለማስተላለፍ አንድ የቤል ጥንድ (2 ኪዩቢት) እና 2 ክላሲካል ቢት ይፈጃል፤ 1 ÷ (2 + 2) = 25 በመቶ። ሦስተኛ ወገን ፈቃድ ሲሰጥ ብቻ የሚሠራው፣ (|000⟩ + |111⟩)/√2 በሆነው የሦስት ኪዩቢት የጂኤችዜድ ሁኔታ የሚካሄደው ቁጥጥር ያለበት ቴሌፖርቴሽን የተቆጣጣሪውን አንድ ቢት ጨምሮ 1 ÷ (3 + 3) = 16.7 በመቶ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚለዋወጡበት፣ ተቆጣጣሪ ያለበት የአምስት ኪዩቢት ፕሮቶኮል 2 ÷ (5 + 5) = 20 በመቶ ነው። ላኪው የሚልከውን ሁኔታ አስቀድሞ የሚያውቀው ከሆነና ሁኔታው በብሎክ ሉል (የአንድ ኪዩቢት ሁኔታዎች በነጥብ የሚወከሉበት ሉል) ላይ በአንድ የታወቀ ታላቅ ክብ ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ የርቀት ሁኔታ ዝግጅት በ1 ቢት ያልቃል፤ 1 ÷ (2 + 1) = 33.3 በመቶ። ይህ የመጨረሻው ከቴሌፖርቴሽን «ይበልጣል» ብሎ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው፤ ቴሌፖርቴሽን ላኪው ጭራሽ የማያውቀውን ሁኔታ ያደርሳል።

ለቁልፍ ስርጭት (ለሁለት ወገኖች የጋራ ሚስጥራዊ ቁልፍ ለማደል) አዳን ካቤዮ በ2000 ያቀረበው መለኪያ የተለመደ ነው፦ የተገኙ ሚስጥራዊ ቢቶች ÷ (የተላኩ ኪዩቢቶች + የተላኩ ክላሲካል ቢቶች)። ነጠላ ኪዩቢቶችን ለሚልከው ለታወቀው የቢቢ84 ፕሮቶኮል ይህ 0.5 ÷ (1 + 1) = 0.25 ይሰጣል። በቁርኝት የሚሠራ የቁልፍ ስርጭት ላይ ግን ወዲያው ጥያቄ ይነሳል። የጥንዶቹ ምንጭ ላኪው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሚላከው አንድ ኪዩቢት ነው፤ ውጤቱ 0.25 ነው። ምንጩ መሃል መንገድ ላይ ከሆነ ሁለቱም ኪዩቢቶች ይጓዛሉ፤ ውጤቱ 0.5 ÷ (2 + 1) = 0.167 ይሆናል። ፕሮቶኮሉ አንድ ነው፣ ቁልፉም አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን ተለያየ። በ1992 የታወቀው ሱፐርዴንስ ኮዲንግም እንደዚሁ ነው፤ ቁርኝቱን በነጻ ከቆጠሩት በአንድ ኪዩቢት 2 ቢት ይላካል፣ ዋጋውን ካስገቡ ግን በሁለት ኪዩቢት 2 ቢት።

ወረቀቱ ላይ ሲሠሩ የሚጠነቀቁባቸው ነገሮች አሉ። የሚላከው ኪዩቢት ራሱ ታህቱ ውስጥ አይገባም። ረዳት ኪዩቢቶች ግን ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱትም እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ «አዲስ ባለስድስት ኪዩቢት ሰርጥ» የሚል ነገር ሲያዩ ሁኔታው በእያንዳንዱ ወገን በሚደረጉ የግል ጌቶች (የኪዩቢት ክንውኖች) ብቻ ወደ ተራ የቤል ጥንዶች ይፈርስ እንደሆነ ይፈትሹ። ከፈረሰ ያለዎት የተሸሸገ የቤል ጥንድ እንጂ አዲስ ሀብት አይደለም። ሁለት ተራ የቤል ጥንዶች ተቆጣጣሪ የሌለውን የሁለትዮሽ ልውውጥ በ2 ÷ (4 + 4) = 25 በመቶ እንደሚሠሩት ልብ ይበሉ። የሚጨመር ኪዩቢት ሁሉ የሆነ አገልግሎት መግዛት አለበት፤ የአምስት ኪዩቢቱ ፕሮቶኮል ከ25 ወደ 20 ወርዶ የገዛው ተቆጣጣሪውን ነው።

በመጨረሻም ይህ ቀመር ኪዩቢትንና ክላሲካል ቢትን እኩል ዋጋ ሰጥቶ እንደሚደምር አይዘንጉ። በተግባር አንድ የቁርኝት ጥንድ ከአንድ ቢት እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ከመቶኛው በፊት ዝርዝሩን ይጻፉ፤ «1 ኪዩቢት ለማድረስ፦ 1 ጥንድ፣ 2 ቢት፣ 0 ረዳት»። መቶኛው ከዚህ ሁልጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ ዝርዝሩ ግን ከመቶኛው ተመልሶ አይወጣም።

ደረጃ 2፦ ጥንዱን በጠረጴዛ ላይ ይለኩ

እዚህ የምንወስደው በጣም የተለመደውን አሠራር ነው፤ የ405 ናኖሜትር ሌዘር ክሪስታል ውስጥ ገብቶ የ810 ናኖሜትር የፎቶን ጥንዶችን ያወጣል፣ መረጃው በፖላራይዜሽን ተቀምጧል። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ኳርተር ዌቭ ፕሌት፣ አንድ ሃፍ ዌቭ ፕሌት፣ አንድ ፖላራይዝ የሚያደርግ ጨረር ከፋይ፣ ሁለት የነጠላ ፎቶን ዲቴክተሮች እና ጠባብ የቀለም ማጣሪያ ያስፈልጋሉ። አራቱም ዲቴክተሮች የእያንዳንዱን ፎቶን መድረሻ ሰዓት በፒኮሰከንድ ደረጃ ከሚመዘግብ አንድ ታይም ታገር ጋር ይገናኛሉ።

መጀመሪያ ብርሃኑን ዘግተው እያንዳንዱን ዲቴክተር ቢያንስ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። ይህ የጨለማ ቆጠራው ነው፤ ከነጠላ ቆጠራዎች ሁሉ ይቀነሳል። ከዚያ ብርሃኑን ከፍተው በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውን የመድረሻ ሰዓት ልዩነት በሂስቶግራም ይሳሉ። ሹል ጫፍ ይታያል፤ የጫፉ ቦታ የመዘግየት ልዩነቱን ይነግርዎታል፣ ስፋቱ ደግሞ የመቁጠሪያ መስኮቱን። መስኮቱ ከጠበበ እውነተኛ ጥንዶች ይቆረጣሉ፤ ከሰፋ ድንገተኛ ጥንዶች ይገባሉ።

ድንገተኛ ጥንድ ማለት ከአንድ ምንጭ ያልወጡ ሁለት ፎቶኖች በአጋጣሚ አንድ መስኮት ውስጥ ሲገቡ ነው። መጠኑ የሁለቱ ነጠላ ቆጠራዎች ብዜት በመስኮቱ ስፋት ተባዝቶ ይገኛል። ለምሳሌ አንዱ ወገን በሰከንድ 100,000፣ ሌላው 80,000 ቢቆጥር፣ መስኮቱም 2 ናኖሰከንድ ቢሆን፣ በሰከንድ 16 ድንገተኛ ጥንዶች ይጠበቃሉ። ይህን በስሌት ብቻ አይመኑ፤ የአንዱን ወገን ሰዓት በ100 ናኖሰከንድ ያህል አንሸራተው እንደገና ይቁጠሩ። ሌዘሩ በምት የሚሠራ ከሆነ ማንሸራተቱ የምት ልዩነቱ ሙሉ ብዜት መሆን አለበት፤ አለዚያ በምቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ቆጥረው ድንገተኛ ጥንድ የለም ብለው ይደመድማሉ።

በዚሁ ምሳሌ የተቆጠሩት ጥንዶች በሰከንድ 9,000 ቢሆኑ እውነተኛዎቹ 8,984 ናቸው። አሁን ምንም መለኪያ ሳይጨምሩ የእያንዳንዱን ክንድ አጠቃላይ ብቃት ያገኛሉ። የመጀመሪያው ክንድ ብቃት ጥንዱ ለሁለተኛው ነጠላ ቆጠራ ሲካፈል ነው፤ 8,984 ÷ 80,000 = 11.2 በመቶ። የሁለተኛው 8,984 ÷ 100,000 = 9 በመቶ። ምንጩ ያወጣው ደግሞ 100,000 × 80,000 ÷ 8,984፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 890,000 ጥንድ ነው። ሁለት ነገር የተገለባበጠ ይመስላል ግን ልክ ነው፦ ሁለተኛው ወገን ፎቶን ባየ ቁጥር የመጀመሪያው መኖሩ የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደያዘ የሚለካው የመጀመሪያውን ክንድ ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስት ቁርኝቶች፣ አንድ ታማኝነት

ሙሉ ቶሞግራፊ (ሁኔታውን በሙሉ ከልኬቶች መልሶ መገንባት) ዘጠኝ የልኬት አቀማመጦችን ይፈልጋል። ታማኝነቱን ብቻ ለማወቅ ግን ሦስት በቂ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን በዜድ (አግድምና ቁም)፣ ሁለቱም በኤክስ (ሰያፍ)፣ ሁለቱም በዋይ (ክብ) የፖላራይዜሽን ምሰሶ። ለዜድ ሃፍ ዌቭ ፕሌቱ በ0 ዲግሪ፣ ለኤክስ በ22.5 ዲግሪ ይሁን፤ ለሁለቱም ኳርተር ዌቭ ፕሌቱ ከመንገድ ይወጣል ወይም ምሰሶውን የማይነካበት አቅጣጫ ላይ ይቆማል። ለዋይ ኳርተር ዌቭ ፕሌቱ በ45፣ ሃፉ በ0 ይሁን።

በእያንዳንዱ አቀማመጥ አራት ዓይነት ጥንዶች ይቆጠራሉ። የተለያየ ውጤት የሰጡት ድምር ተመሳሳይ ከሰጡት ድምር ይቀነሳል፣ ለጠቅላላው ይካፈላል፤ ከ−1 እስከ +1 የሚሆን የቁርኝት ቁጥር ይወጣል። ዜድዜድ፣ ኤክስኤክስ እና ዋይዋይ የምንላቸው የሦስቱ አቀማመጦች ቁጥሮች ናቸው። ከዚያ፦

ታማኝነት = (1 + ዜድዜድ + ኤክስኤክስ − ዋይዋይ) ÷ 4

ለምንፈልገው ጥንድ ዋይዋይ አሉታዊ መሆን አለበት። ሦስቱም ወደ +0.9 ከመጡ ደስ አይበልዎ፤ እንዲህ ያለ ሁኔታ በተፈጥሮ የለም። የአራቱን የቤል ሁኔታዎች ድርሻ ሲያሰሉ አንደኛው (1 − 0.9 − 0.9 − 0.9) ÷ 4 = −0.425 ይሆናል፤ አሉታዊ ድርሻ ደግሞ ሊኖር አይችልም። ጥፋቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የምልክት ነው፤ አንድ መስተዋት የክብ ፖላራይዜሽኑን አቅጣጫ ገልብጦታል፣ ወይም የአንዱ ኳርተር ዌቭ ፕሌት ፈጣን ምሰሶ በተሳሳተ በኩል ተቆጥሯል።

የዲቴክተሮች ብቃት እኩል አለመሆንም ቁጥሩን ያዛባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግማሹን ጊዜ ሃፍ ዌቭ ፕሌቱን 45 ዲግሪ ጨምረው የሁለቱን ዲቴክተሮች ሚና ያቀያይሩ፣ የውጤቶቹን አማካይ ይውሰዱ።

ስንት መቁጠር ይበቃል? የአንድ የቁርኝት ቁጥር የስህተት ህዳግ √((1 − የቁጥሩ ካሬ) ÷ የጥንዶች ብዛት) ነው። ቁርኝቱ 0.9 ሆኖ በእያንዳንዱ ምሰሶ 1,000 ጥንድ ቢቆጥሩ ህዳጉ 0.014 ይሆናል፤ የታማኝነቱ ደግሞ 0.006። ታማኝነቱን እስከ 0.001 ለማጥበብ በምሰሶ ወደ 36,000 ጥንድ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ መቁጠር ብዙ አይጠቅምም፤ የዌቭ ፕሌቶቹ የማዕዘን ስህተት ከቆጠራው ህዳግ ይበልጣል።

ሦስቱ ቁጥሮች ስለ በሽታውም ይናገራሉ። ሦስቱም እኩል ከወረዱ ድንገተኛ ጥንድ ወይም ቅልቅል ኖይዝ (በሁሉም አቅጣጫ እኩል የተበተነ ረብሻ) ነው፤ መስኮቱን ያጥብቡ፣ የሌዘሩን ኃይል ይቀንሱ። ኃይሉን በእጥፍ ሲጨምሩ በአንድ ምት ሁለት ጥንድ የመውጣት ዕድል በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ቆጠራው ሲያምር ጥራቱ የሚበላሸው በዚህ ነው። ዜድዜድ ከፍ ብሎ ሁለቱ ከወረዱ ፌዙ (በ|00⟩ እና በ|11⟩ መካከል ያለው የሞገድ ግንኙነት) ተናውጧል፤ የክሪስታሉን ሙቀትና የሁለቱን የፖላራይዜሽን መንገዶች ርዝመት ይመርምሩ። ዜድዜድ ወርዶ ኤክስኤክስ ከቆመ ፋይበሩ ፖላራይዜሽኑን አዙሮታል፤ ማስተካከያውን በሚታወቅ ብርሃን እንደገና ያሰልፉ።

ደረጃ 4፦ ጥራቱን ወደ ፕሮቶኮል ቋንቋ ይተርጉሙ

አንድ ጥንድ ለአንዱ ፕሮቶኮል በቂ፣ ለሌላው ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የቤል ጥንድ ከቅልቅል ኖይዝ ጋር የተደባለቀበትን፣ የቬርነር ሁኔታ የሚባለውን እንውሰድ፤ የንጹሑን ድርሻ «ንጽሕና» እንበለው።

ንጽሕናው ከ1/3 ሲያልፍ ቁርኝት አለ፤ የቴሌፖርቴሽኑ አማካይ ታማኝነትም ያለ ቁርኝት ሊደረስበት የሚችለውን የ2/3 ጣሪያ ያልፋል። ከ0.707 ሲያልፍ የሲኤችኤስኤች የቤል ፈተና ወሰን (ክላሲካል ማብራሪያ የማያልፈው ቁጥር 2) ይሰበራል። ከ0.748 ገደማ ሲያልፍ ብቻ ሱፐርዴንስ ኮዲንግ ከአንድ ተራ ቢት በላይ ያስተላልፋል። ንጽሕናው 0.7 የሆነ ጥንድ በ0.85 ታማኝነት ቴሌፖርት ያደርጋል፤ ለሱፐርዴንስ ግን ከባዶ ኪዩቢት ይብሳል።

ንጽሕናው 0.9 ሲሆን ቁጥሮቹ እንዲህ ይወጣሉ። የጥንዱ ታማኝነት (1 + 3 × 0.9) ÷ 4 = 0.925። የቴሌፖርቴሽን አማካይ ታማኝነት (2 × 0.925 + 1) ÷ 3 = 0.95። የሲኤችኤስኤች ቁጥር 2.83 × 0.9 = 2.55። የቁልፍ ስህተት መጠን 5 በመቶ። የሱፐርዴንስ አቅም 2 ሲቀነስ የሁኔታው ኢንትሮፒ (የቅልቅልነቱ መለኪያ) ነው፤ ኢንትሮፒው 0.503 ስለሆነ 1.497 ቢት። አምስቱም የአንድ ጥንድ መግለጫዎች ናቸው። ሁለቱን በየግላቸው ለክተው እርስ በርስ ካልተስማሙ ወይ ልኬቱ ተሳስቷል ወይ ኖይዙ ቅልቅል አይደለም።

ሁለተኛውን፣ ማለትም ኖይዙ ቅልቅል አለመሆኑን፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ዜድዜድ 0.98፣ ኤክስኤክስ 0.80፣ ዋይዋይ −0.80 ቢለኩ ታማኝነቱ 0.895 ነው፤ የቴሌፖርቴሽኑ አማካይ 0.93። ታማኝነቱ ያው 0.895 የሆነ የቬርነር ሁኔታም 0.93 ይሰጣል። በሱፐርዴንስ ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው የቤል ድርሻዎች 0.895፣ 0.095፣ 0.005 እና 0.005 ሲሆኑ አቅሙ 1.46 ቢት ነው፤ የቬርነሩ 1.35 ብቻ። አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ያለው ኖይዝ በሁሉም አቅጣጫ ከተበተነው ያነሰ መረጃ ይበላል። ስለዚህ ታማኝነቱን ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ቁርኝቶች ይመዝግቡ። ከሦስቱ የሚሰላው አቅም የእውነተኛው ሁኔታ ዝቅተኛ ወሰን ነው፤ ሙሉ ቶሞግራፊ ቢሠሩ ከዚያ አይወርድም።

ለቁልፍ የሚሠራው ቀመር 1 − 2 × የስህተቱ መጠን ሁለትዮሽ ኢንትሮፒ ነው፤ በ11 በመቶ ስህተት ዜሮ ይሆናል። በ5 በመቶ 0.43 ይሰጣል። የስህተት ማረሚያ ኮዶች ግን ከንድፈ ሐሳቡ ትንሽ በላይ ቢት ይገልጣሉ፤ ከሁለቱ ኢንትሮፒዎች ለአንዱ፣ ለማረሚያው ድርሻ፣ የተለመደውን 1.16 ማባዣ ካስገቡ ወደ 0.38 ይወርዳል። በተግባር ሪፖርት የሚደረገው ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 5፦ ቴሌፖርቴሽኑን ራሱን ይፈትኑ

ከጥንዱ ጥራት ማስላት አንድ ነገር ነው፣ ሙሉውን ዑደት መሞከር ሌላ፤ የቤል ልኬቱ (ጥንዱ ከአራቱ የቤል ሁኔታዎች የትኛው እንደሆነ የሚለየው) እና የተቀባዩ እርማትም የራሳቸው ስህተት አላቸው። ስድስት ሁኔታዎችን ይላኩ፤ 0፣ 1፣ እና የኤክስና የዋይ ምሰሶ ሁለት ሁለት ጫፎች። የስድስቱ ታማኝነቶች አማካይ በሉሉ ላይ ካሉት ሁኔታዎች ሁሉ አማካይ ጋር በትክክል እኩል ነው፤ ተጨማሪ ሁኔታ መላክ አያስፈልግም። 0ን እና 1ን ብቻ መላክ ግን ፌዙ ሙሉ በሙሉ የጠፋ መስመርን እንኳ ፍጹም ያስመስለዋል።

ቤተ ሙከራ ከሌለ ይህ በሦስት ኪዩቢት ሰርኪት በኪስኪት (የኳንተም ሰርኪት መጻፊያ ሶፍትዌር) ሊሠራ ይችላል። ተቀባዩ ጫፍ ላይ የዝግጅቱን ጌት ተገላቢጦሽ አድርገው ይለኩ፤ 0 የወጣበት ድርሻ በቀጥታ ታማኝነቱ ነው። በ4,096 ድግግሞሽ 0.95 ቢያገኙ ህዳጉ 0.0034 ነው። አንድ ወጥመድ አለ፤ ኪስኪት ውጤቱን ሲያትም ዜሮኛው ቢት በስተቀኝ ጫፍ ነው። ከግራ ካነበቡ ታማኝነቱ ወደ 0.5 ይጠጋል፤ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ንባቡን ይጠርጥሩ።

ደረጃ 6፦ ብክነቱን ወደ ታህቱ ይመልሱ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የደረሱትን ፎቶኖች ብቻ ነው የሚመለከተው። አሁን ያልደረሱት ይቆጠራሉ።

በ1,550 ናኖሜትር ፋይበር በኪሎሜትር ወደ 0.2 ዴሲቤል ያባክናል። 50 ኪሎሜትር 10 ዴሲቤል ነው፤ ከአሥር ፎቶን አንዱ ይደርሳል። ተራ መስተዋት፣ ጨረር ከፋይና ዲቴክተር ብቻ ይዞ፣ ረዳት ፎቶን ሳይጨመር የሚሠራ የቤል ልኬት ከአራቱ ሁኔታዎች ሁለቱን ብቻ ይለያል፤ ስለዚህ ጣሪያው 50 በመቶ ነው። ዲቴክተሮቹ 80 በመቶ ቢይዙ ሁለቱም ፎቶኖች የመያዛቸው ዕድል 64 በመቶ፤ የቤል ልኬቱ 0.5 × 0.64 = 32 በመቶ ይሳካል። ከፋይበሩ 10 በመቶ ጋር 3.2 በመቶ፤ ለአንድ ስኬት በአማካይ 31.25 ጥንድ።

የወረቀት ሒሳቡን በዚህ እንደገና እንሥራው። የፈጀነው 62.5 ኪዩቢት፣ በእያንዳንዱ ሙከራ ላኪው «ተሳካ» ወይም «አልተሳካም» የሚልበት 31.25 ቢት፣ ሲሳካም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግር 1 ቢት ነው። 1 ÷ 94.75 = 1.06 በመቶ። በመጀመሪያው ደረጃ 25 በመቶ የነበረው ይኸው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን መጻፍ አያሳፍርም፤ ሁለተኛውን መደበቅ ነው ነውሩ።

ለቁልፍ ስርጭት ደግሞ ምንጩን በ100 ኪሎሜትር መስመር መሃል ያስቀምጡ። ሌዘሩ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ምት ይስጥ፣ በአንድ ምት በአማካይ 0.01 ጥንድ ይውጣ፤ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጥንድ። እያንዳንዱ ክንድ ፋይበሩ 0.1፣ መገጣጠሚያውና መነጽሮቹ 0.5፣ ዲቴክተሩ 0.8 ቢሆን አጠቃላይ 0.04 ነው። ሁለቱም የሚደርሱበት 0.0016፤ በሰከንድ 1,600 ጥንድ። ምሰሶዎቹ የሚገጥሙት ግማሹን ጊዜ ነው፤ 800። በ0.381 ሲባዛ በሰከንድ 305 ሚስጥራዊ ቢት። ይህ በጥንድ 0.0003፣ በምት ግን 0.000003 ነው። መቶ እጥፍ ልዩነት አለው፤ ሪፖርቱ «በአንድ አጠቃቀም» ብቻ ካለ አንባቢው የትኛውን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ማነጻጸሪያም አለ። መሃል ላይ ሪፒተር (ቁርኝትን በየመንገዱ የሚያድስ ጣቢያ) የሌለው መስመር፣ የትኛውም ፕሮቶኮል ቢጫንበት፣ በአንድ አጠቃቀም ከ−ሎግ(1 − የመስመሩ አሳላፊነት) ቢት በላይ ቁልፍ ሊሰጥ አይችልም፤ ሎጉ በመሠረት 2 ነው። ይህ ወሰን በ2017 ታትሟል። ለ100 ኪሎሜትር አሳላፊነቱ 0.01 ስለሆነ ጣሪያው 0.0145 ነው። የእኛ መስመር በምት ሲቆጠር ከዚያ ወደ 4,750 ጊዜ ያንሳል። አብዛኛው ክፍተት ፋይበሩ አይደለም፤ ምንጩ ከመቶ ምት ዘጠና ዘጠኙን ባዶ መላኩ ነው። ማሻሻያው የት እንደሚጀመር የሚያሳየው እንዲህ ያለ ክፍፍል ነው።

ርቀቱ ሲጨምር ድንገተኛ ጥንዶች የራሳቸውን ጥፋት ያመጣሉ፤ ግማሾቹ ስህተት ናቸውና። እውነተኛው 1,600፣ ድንገተኛው 16 ሲሆን 5 በመቶ የነበረው ስህተት ወደ 5.4 ብቻ ይወጣል። እውነተኛው ወደ 16 ወርዶ ድንገተኛው በጨለማ ቆጠራ ምክንያት እዚያው 16 ቢቆም ስህተቱ 27.5 በመቶ ይሆናል፤ ቁልፍ የለም። ቁልፉ ከርቀት ጋር ቀስ ብሎ ሳይሆን በድንገት የሚሞተው ለዚህ ነው።

በሁለት የታወቁ ሙከራዎች ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በ2016 የመጠቀችው የቻይናዋ ሚሲየስ ሳተላይት በ1,203 ኪሎሜትር ለተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች ጥንዶችን ስታከፋፍል፣ ምንጯ በሰከንድ 5.9 ሚሊዮን ጥንድ ሲያወጣ መሬት ላይ የተቆጠረው በሰከንድ አንድ ገደማ ነበር፤ የሲኤችኤስኤች ቁጥሩ 2.37 ± 0.09። በዴልፍት (ኔዘርላንድስ) በ2015 በ1.3 ኪሎሜትር ላይ የተካሄደው የቤል ፈተና ደግሞ 245 ሙከራ ብቻ ኖሮት 2.42 ± 0.20 አገኘ፤ በሰዓት አንድ ጥንድ ገደማ። የዴልፍቱ ግን ጥንዱ መፈጠሩን አስቀድሞ በምልክት ያበስራል፤ ከምልክቱ በኋላ የሚጣል ሙከራ የለም። በፍጥነት የመጀመሪያው፣ በሙከራ ስኬት ሁለተኛው ይበልጣል። «የትኛው ቀልጣፋ ነው?» የሚለው ጥያቄ ታህቱ ሳይነገር መልስ የለውም።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን አይርሱ

በቴሌፖርቴሽን የተቀባዩ ኪዩቢት ክላሲካሉ መልእክት እስኪደርስ መጠበቅ አለበት። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ስለሚሄድ 50 ኪሎሜትር 250 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ማከማቻው ፌዙን የሚጠብቅበት ጊዜ 1 ሚሊሰከንድ ቢሆን ኤክስኤክስና ዋይዋይ በ0.78 ይባዛሉ፤ ፍጹም የነበረ ጥንድ ታማኝነቱ 0.89 ይሆናል። ስለዚህ ታማኝነቱን ጥንዱ እንደደረሰ ሳይሆን ከዚህ ጥበቃ በኋላ ይለኩ። እርማቱን በጌት ሳያደርጉ በኋላ በኮምፒውተር ካስተካከሉትም ይግለጹት፤ ለስታቲስቲክስ በቂ ነው፣ ኪዩቢቱን ለቀጣይ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ግን አይጠቅምም።

ምን ይመዘገባል

ለአንድ ልኬት የሚከተሉት ይቀመጡ፦ የሀብት ዝርዝሩ (ጥንድ፣ ቢት፣ ረዳት)፤ ሦስቱ ቁርኝቶች ከነህዳጋቸው፤ ድንገተኛ ጥንዶች ተቀንሰው እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፤ የእያንዳንዱ ክንድ ብቃት፤ ምርቱ በሰከንድ፣ በጥንድ እና በምት። ድንገተኛን መቀነስ ምንጩን ለመመርመር የተፈቀደ ነው፤ ለቁልፍ ግን አይፈቀድም፤ ድንገተኛዎቹ ከእውነተኛዎቹ ተለይተው ሊታወቁ ስለማይችሉ ስህተታቸው ቁልፉ ውስጥ ይቀራል። የመስኮቱን ስፋት ውጤቱን ከማየትዎ በፊት ይወስኑ፤ ጥሬውን የሰዓት መዝገብ ግን አይሰርዙት፣ ሌላ ሰው በሌላ መስኮት እንደገና ሊቆጥረው ይችላል።